ሊቀመንበሩ ቅርፊቱን በላ ወይ?

ወልቂጤ ውስጥ ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ የእንቁላል ቅርፊት የሚለምን፣ ጸጉሩ ከፊቱ የሸሸ ጎልማሳ ካያችሁ እኔ ነኝ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ስሙኝ። እንቁላል የሚለምን ሰው ችግሩ የታወቀ ነው፤ ርቦታል ይባላል፣ ይሰጡታል፣ ይሄዳል። ቅርፊት የሚለምን ሰው ግን ግራ ያጋባል። ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያየዋል፣ ከዚያ እጁን ያየዋል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋበታል። እኔ ሦስቱም ደርሶብኛል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከእናቴ እጅ ልጀምር። እናቴን አዶት ነው የምላት፤ በእኛ በጉራጌዎች ቤት እናት አዶት ናት። እምድብር አጠገብ ባለች መንደር በእንሰቶቿ መካከል ብቻዋን ትኖራለች። የእህቴ ልጅ ከአጥሩ ማዶ ስላለች "ብቻሽን" ሲሏት ትቆጣለች። ባለፈው ጥር መጨረሻ እንሰት ስትፍቅ ውላ ልትነሳ ስትል አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ። ያ እጅ እንሰት ፍቆ ስድስት ልጅ ያሳደገ እጅ ነው። እኔ ዛሬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የምገጥም፣ የመስኮት ደፍ እምነበረድ የምቆርጥ ባለሙያ የሆንኩት በዚያ እጅ ነው። ወሬውን ስሰማ የጀመርኩትን መስኮት ትቼ ወደ እምድብር በረርኩ።

"ወጌሻ ይበቃኛል" ብላ ብትከራከርም አግባብተን ወልቂጤ ሐኪም ቤት አመጣናት። ዶክተሩ ራጅ አነሳት፣ ክንዷን በጀሶ ጠቀለለው፣ ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

"አጥንታቸው ሳስቷል" አለኝ። "ካልሲየም መውሰድ አለባቸው። ቢያንስ ሁለት ወር ደግሞ ከዓይናችሁ እንዳይርቁ። ይሄ በደንብ ካልገጠመ በዚህ እጅ ሥራ መሥራት ሊቀርባቸው ይችላል።"

አዶት በበኩሏ ጀሶውን በግራ እጇ ጣት ኳ ኳ አደረገችና "ክንዴን ድንጋይ አለበሳችሁት" አለች። አዶት የምታወራው በእኛ ጉራግኛ፣ በቸሃ ነው፤ ወደ አማርኛ የምመልስላችሁ እኔ ነኝ። ስመልሰው ግማሹ ቅመም መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኛ ቤት ልትሰነብት የተስማማችው በአንድ ቃል ብቻ ነው፦ ሁለት የእንሰት ችግኝ ከነአፈሩ በደረቅ ኮባ ተጠቅልሎ አብሯት እንዲመጣ። ወልቂጤ እንሰት የጠፋባት ይመስል! እርግጥ የእኔ ግቢ ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው። አዶት ይህንን ሲሚንቶ ባየች ቁጥር የሞተ ዘመድ እንደ ጠየቀች ሁሉ ከንፈሯን ትመጣለች።

ኮባውን ሳሎን ውስጥ ስንፈታው ሦስት ነገሮች ተንከባለው ወጡ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጣት የሚያካክሉ ሺ እግሮች ናቸው። ሚስቴ አስቴር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ስለ ሺ እግር ብትጠየቅ መጽሐፍ ሳትገልጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ትሞላለች። ባዮሎጂው ምንጣፏ ላይ መራመድ ሲጀምር ግን ሶፋ ላይ ቆማ ነው ያገኘኋት። እኔ ጫማዬን አነሳሁ።

"ተው!" አለች አዶት። "ከእኔ ጋር የመጡ እንግዶች ናቸው። እነሱን ከገደልክ እኔም የእምድብርን መንገድ አውቀዋለሁ።"

ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁና ችግኞቹንም እንግዶቹንም አፈር ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እንግዳ ሲባል እኛ ዘንድ ክርክር የለም። እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መኝታ ይነጠፍለታል፤ ስንት እግር አለህ ተብሎ አይጠየቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። አዶት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች፤ ማለዳ ስትነሳ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ነገ እሄዳለሁ።" ፈገግ የምትለው ሦስቱ እንግዶች ያሉበትን ባልዲ ስታይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥራ የተረፈኝን መስታወት ሰብስቤ አንድ ሳጥን ሠራሁ። ባለ አሉሚኒየም ፍሬም፣ ተንሸራታች ክዳን፣ አየር ማስገቢያ ያለው። ለደንበኛ እንኳ እንዲያ ተጠብቤ አላውቅም። አፈር፣ የበሰበሰ እንጨትና ደረቅ ኮባ ጨመርንበት፤ እንግዶቹ ገቡ። አዶት ወንበሯን ከግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰው ያለበት ቤት ሆነ።

ስምም አወጣችላቸው። ትልቁን "ሊቀመንበሩ" አለችው፤ ምክንያቱም ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት ደግሞ ተጠቅልሎ ዝም ይላል። የመንደሯ እድር ሊቀመንበር እንዲያ ናቸው አለች። መካከለኛው "ጸሐፊው" ሆነ፤ በሄደበት ሁሉ አፈሩ ላይ መስመር ያሰምራል። ትንሿን "አባል" አለቻት። ማለዳ ከወንበሯ ሆና "ዛሬ ምን ወሰናችሁ?" ትላቸዋለች፤ እነሱም እንደ ማንኛውም ስብሰባ ምንም ሳይወስኑ ይውላሉ።

ለአዶት የታዘዘው ካልሲየም ነጭ፣ ወፍራም ክኒን ነው። እንድትወደው ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ይህን ክፍል በደንብ ያዙልኝ፤ የጥፋቴ ሁሉ እናት ይህ ነው። "አዶት" አልኳት፣ "ይቺ ክኒን ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት ማለት ናት። ወተቱ ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ እንዲህ ሆኖ ይመጣል።" አዶት ወተት እንደምትወድ ስለማውቅ ነው። ክኒኗን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መዳፏን ጨበጥ አድርጋ "እሺ፣ ጥቂት ቆይቼ" አለች። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማለዳ ማለዳ እንዲሁ ሆነ። እናት አትጠረጠርም።

አንድ ቀን አስቴር ሳጥኑ ላይ አጎነበሰች። (ከሶፋው ላይ ወርዳ እዚህ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።) "ሊቀመንበሩ ደብዝዟል" አለች። "እነዚህ እኮ ከላይ የለበሱት ጥሩር ካልሲየም ነው። ሲያድጉ አሮጌውን ጥለው አዲስ ያበቅላሉ። ከምግባቸው ካልሲየም ካላገኙ አዲሱ ሳይጠነክር ይሞታሉ።"

"ይሞታሉ" የሚለውን ቃል አዶት በአማርኛም ታውቀዋለች። አንገቷን ቀና አድርጋ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ "እነሱ ከሞቱ እኔ ግድግዳ ለማየት አልቀመጥም" የሚል ነበር። የሊቀመንበሩ ጥሩርና የእናቴ አጥንት በዚያች ደቂቃ አንድ ጉዳይ ሆኑብኝ።

የጉራጌ ልጅ ካልሲየም ሲባል የሚታየው ምንድነው? አይብ! ሳላመነታ ገበያ ወርጄ አይብ ገዛሁ። አይብ ብቻውን ደግሞ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ጎመን አስከተፍኩ፣ ለጋ ኮባ ቆርጬ አነጠፍኩ፣ ቂቤ ልጨምር ስል አስቴር እጄን ያዘችኝ። ያለ ሥጋ የክትፎ ማዕድ ማለት ነው። እኛ ቤት ያኔ ሁዳዴ ነው፤ አስቴርና እኔ ፕሮቴስታንቶች ብንሆንም አዶት ኦርቶዶክስ ናትና፣ አስቴር ለክብሯ ስትል ከጾሙ መያዣ ጀምሮ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ወደ ቤት እንዳይገባ ከልክላለች። አይቡን ሳስገባ አዶትን ፈርቼ ነበር።

"ግዴለም" አለች አዶት ረጋ ብላ። "እነሱ ጾም የለባቸውም።"

ይህንንም ያዙልኝ። እኔ አልያዝኩትም ነበር።

ኮሚቴው አይቡን ዞር ብሎም አላየው። በሁለተኛው ቀን ያዩት ጉንዳኖች ናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው እስከ በር ተቀበለን። መስታወቱን ወልውለን የላይኛውን አፈር ገፍፈን ጣልን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት አይብ ስለሆነ ለመልቀም እንኳ አይመችም። ቀጥዬ የቤት መቀቢያ ኖራ ላመጣ ስነሳ አስቴር "ልትቀባቸው ነው? ያቃጥላቸዋል!" ብላ ከመንገድ መለሰችኝ።

"የእንቁላል ቅርፊት" አለች በመጨረሻ። "ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ። ሌላ ነገር አትፍጠር።"

ቀላል ይመስላል አይደል? ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ነው የመጡት። ክርስቲያኑ እንቁላል አይበላም። ሙስሊሙ ቀን ምንም አይበላም። ቁርስ ቤቶቹ ግማሾቹ ዘግተዋል፣ የቀሩት ፉልና ሽሮ ላይ ናቸው። ወልቂጤን ከጫፍ ጫፍ ብዞር እንቁላል የሚሰብር ሰው አላገኘሁም። ዶሮዎቹ ብቻ አልጾሙም፤ ይጥላሉ። እንቁላል ገዝቶ ውስጡን መድፋት ደግሞ ነውር ነው፤ እናቴ ከሰማች ከስብራቱ ይልቅ ይሄ ያማታል። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ነው። ስድስት እንቁላል ገዝቼ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ቀቀልኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ስድስቱንም በላሁ። በሦስተኛው ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አምስተኛው ላይ አላበኝ። ስድስተኛውን የበላሁት ለእናቴ ብዬ ነው።

ማታ ቤት ስገባ አስቴር በር ላይ አፍንጫዋን ነፋች።

"እስኪ አፍህን ወዲህ አድርግ።"

"ምነው?"

"እንቁላል በልተሃል!"

ሌላው ባል ሰክሮ ገብቶ ይያዛል፤ እኔ ቀቅዬ በልቼ ተያዝኩ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ቅርፊት አውጥቼ እንደ ማስረጃ ባቀርበውም አልረዳኝም። ሆዴም ሁለት ቀን ሙሉ ከአስቴር ወገን ሆኖ ሲከስሰኝ ሰነበተ። በዚህ መንገድ መቀጠል እንደማልችል ተረዳሁና ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘምዘም ሄድኩ። እትዬ ዘምዘም ከእንሴኖና ከቡታጅራ በርበሬ እያመጣች የምትሸጥ፣ ሰፈሩ የሚያከብራት ሴት ናት። ሰፊ ቤተሰብ አላት፤ ለማታው ፍጡርም ለሌሊቱ ሱሁርም እንቁላል ይሰበራል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ዘምዘም።"

"ወአለይኩም ሰላም። አዶት እንዴት ናቸው? እጃቸው ተሻለ?"

"ደህና ናት። አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት ካላችሁ እንዳትጥሉት።"

ፊቴን አየችው። ከዚያ እጄን አየችው። "ለምንህ?"

"ለሺ እግር።"

"ሱብሃነላህ! ሺ እግር ወረራችሁ?"

"አይ፣ አልወረረንም። እያሳደግኩ ነው።"

በሩ ተዘጋ። እንዳልኳችሁ ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ግን ከውስጥ ሹክሹክታ ተሰማና በሩ ጣት የሚያስገባ ያህል ተመልሶ ተከፈተ።

"አዶት ይሄን ነገርህን ያውቃሉ?"

"ለእሷ እኮ ነው።"

"ቅርፊት ሊበሉ ነው?"

ከዚህ በኋላ ከማስረዳት ይልቅ ማሳየት ይሻላል ብዬ ይዣት ሄድኩ። እትዬ ዘምዘም ከሳጥኑ ሁለት ሜትር ርቃ ቆመች። አዶት በተሰባበረ አማርኛዋ ሊቀመንበሩን፣ ጸሐፊውንና አባሏን በየተራ አስተዋወቀቻት። ሊቀመንበሩ ተጠቀለለ። እትዬ ዘምዘም ያን ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅም ሁለቱን ሜትር ጨርሳ መጣች። "ወላሂ፣ የእኛም እድር እንዲህ ነው" አለች።

በማግሥቱ ቅርፊቱ መጣ። እንዴት መጣ መሰላችሁ? በሰሃን፣ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ። አሁን ሌላ ጣጣ ተፈጠረ፤ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም። አስቴር ጨነቃትና ለፍጡር የሚሆን የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ላከች። በማግሥቱ ቅርፊቱ በትልቅ ሰሃን መጣ። ለትልቅ ሰሃን ስድስት ሳምቡሳ ያንስበታል። ቆሻሻ ገንዳ የሚገባ ነገር ተቀብለን በየቀኑ ድግስ የምንልክ ሰዎች ሆንን። አስቴር ሳምቡሳ እየጠቀለለች "የሊቀመንበሩ ቅልብ ከእኛ በለጠ" ትላለች፤ ግን ማንም አቁሚ ያላት የለም።

ቅርፊቱን ቆርቆሮ ላይ አድርቄ በሙቀጫ ወቀጥኩት። ጉራጌ ቤት ያለ ሙቀጫ ሚጥሚጣ ሳይነካው እንደማይውል ማን ይንገረኝ! ዱቄቱን ሳጥኑ ውስጥ በተንኩ። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ቀመሰና ወደ ኋላው ሸሸ። አባሏ መስታወቱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ፤ ከዚያ በጭንቅላቱ አፈሩን ቆፍሮ ገባ። አልወጣም። በማግሥቱም አልወጣም። በሳምንቱም አልወጣም።

ሚጥሚጣውን ጠርገን አዲስ ቅርፊት በንጹሕ ድንጋይ ፈጭተን ብናስገባም ሊቀመንበሩ የለም። "ጥሩሩን ሊቀይር ገብቶ ይሆናል። ሲቀይሩ ለረጅም ጊዜ ይደበቃሉ፤ እንዳትነካው" አለች አስቴር። እኔ ግን እጄ ላይ ደም ያለ መሰለኝ። አዶት "ነገ እሄዳለሁ" ማለቱን ተወች። ያ ነው የባሰው። ነጠላዋን አጣጥፋ፣ በፌስታል ቋጥራ፣ ከወንበሯ ሥር አስቀመጠች።

የቀጠሮዋ ቀን ደርሶ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሩ አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው።

"እስካሁን መግጠም ነበረበት" አለ። "እናቴ፣ ካልሲየሙን እየወሰዱ ነው?"

ተረጎምኩላት። አዶት ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ "ልጄ በየማለዳው ይሰጠኛል" አለች።

"እንግዲያውስ ሁለት ሳምንት እንጠብቅ። ለውጥ ከሌለ ወደ አዲስ አበባ እንልካቸዋለን፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።"

በባጃጅ ተመለስን። ፈርቼ ነበር። በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ክንዷን ደግፌ ይዤ፣ ይህ እጅ እንደገና ባይሠራ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ እያልኩ ነበር። ቤት ስንደርስ አዶት ጋደም አለች። አንድ፣ አንድ ብቻ ደግ ወሬ ይዤላት ልግባ ብዬ፣ አስቴር ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ሳጥኑን ከፍቼ አፈሩን በማንኪያ መጫር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ማንኪያው ያገኘው ነጭ ነገር ነው። ጠጠር መሰለኝ። ቀጥሎ ሌላ ነጭ። ቀጥሎ ሌላ። በኮባው ሥር፣ በመስታወቱ ጥግ፣ ዘር እንደሚዘራ ሰው በየተራ የተቀበሩ ክኒኖች ናቸው። ግማሾቹ ሟሙተዋል፣ ግማሾቹ ጠርዛቸው ተግጧል። ከእነሱም መካከል፣ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሊቀመንበሩ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሕይወት አለ። ከበፊቱ ረዝሟል፣ ወፍሯል፣ አዲስ ከተቀባ በር ይበልጥ ያብረቀርቃል። እናቴ አጥንቷ እየሳሳ ሺ እግሩ ደልቦ ነበር።

ማንኪያውን እንደያዝኩ ዞር ስል አዶት በሩ ላይ ቆማለች።

"አዶት፣ ይሄ ምንድነው?"

"አንተው አይደለህ ወተት ነው ያልከኝ?" አለችኝ። "ጾም ነው። እምቢ እንዳልልህ ለፍተህ ያመጣኸው ነው። እንዳልጥለው ምግብ ነው። እነሱ ደግሞ ጾም የለባቸውም፤ ያስፈልጋቸዋልም ተብሏል። ምን ላድርግ?"

እኔ ስለማልጾም፣ ወተት ነው ባልኳት ማለዳ ጾሙ ትዝ አላለኝም ነበር። ለሐኪሙም አልዋሸችም፤ "ይሰጠኛል" አለች እንጂ "እውጠዋለሁ" አላለችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ለማጣፈጥ ብዬ የጨመርኳት አንዲት ብርጭቆ ወተት እጇን ልታሳጣት ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዶት በግራ እጇ ራሴን ዳበሰችኝ፤ "ሊቀመንበሩ ግን አምሮበታል" አለችኝ ለማጽናናት።

በነጋታው ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ከጠርሙሱ ላይ አንብባ "ወተት የሚባል ነገር የለበትም። ይሄ ከኖራ ድንጋይ ነው የሚሠራው" አለችኝ። ሮጬ ለአዶት ነገርኳት።

"አንተ ባለፈው ወተት ነው አልክ፤ ዛሬ ድንጋይ ነው ትላለህ" አለች። "ነገ ደግሞ ሥጋ ልትለው ነው?"

እውነቷን ነው። የእኔ ቃል በዚያ ቤት ዋጋ አልነበረውም። ያን ጊዜ አስቴር ተነሳች፤ ክፍል ውስጥ ስትገባ እንደምታደርገው እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔን ከሥራ ቦታዬ የእምነበረድ ዱቄት እንዳመጣ ላከችኝ። ሎሚ ቆረጠች። አራት ስኒ ደረደረች፦ በአንዱ የእምነበረድ ዱቄት፣ በአንዱ የተፈጨ ክኒን፣ በአንዱ የዱቄት ወተት፣ በአራተኛው የእንቁላል ቅርፊት። የወተት ዱቄቱን በእጇ ይዛ የመጣችው እትዬ ዘምዘም ናት፤ ወሬው ቀድሞ ስለደረሳት "እኔም ልይ" ብላ ቁጭ አለች። ለፍርድ ቤት እንኳ ይህን ያህል ሰው በጸጥታ አይቀመጥም።

አስቴር እምነበረዱ ላይ ሎሚ ጨመቀች። ዱቄቱ ቸስ ብሎ አረፋ አወጣ። አዶት ወደ ፊት አጎነበሰች። ክኒኑ ላይ ጨመቀች፤ ቸስ አለ። ወተቱ ላይ ጨመቀች፤ ምንም፣ ረጋ ብቻ።

"አዩ አዶት?" አለች አስቴር። "ክኒኑ የድንጋዩ ዘመድ ነው፤ የወተቱ አይደለም።"

አዶት ወደ አራተኛው ስኒ ጠቆመች። አስቴር ጨመቀችበት። ቅርፊቱም ቸስ ብሎ ፈላ።

"ይኸው!" አለች አዶት። "እንቁላሉም ፈላ። እንግዲህ ክኒኑ የድንጋይ ነው ወይስ የእንቁላል?"

አስቴር እኔን አየችኝ፣ እኔ እትዬ ዘምዘምን አየሁ፣ እትዬ ዘምዘም ሎሚውን አየች። ሳይንሳችን እዚያ ላይ አለቀ። አዶት ስኒዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ክንዷ ላይ ያለውን ጀሶ ኳ ኳ አደረገችው።

"ገባኝ" አለች ቀስ ብላ። "እንቁላሉም ድንጋይ ለብሶ ነው የሚወለደው። ሊቀመንበሩም ድንጋይ ለብሷል። እኔም ለብሻለሁ። ድንጋይ ደግሞ ጾም አያስፈታም።" እጇን ዘረጋች። "ስጡኝ።"

ክኒኗን ስትውጥ እትዬ ዘምዘም "አልሐምዱሊላህ!" አለች። አስቴር "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። እኔ ውሃውን አቀበልኳት። አዶት ግን ገና አልጨረሰችም። ብቻዋን እንደማትበላ ነገረችን፤ እንግዶቿ ሲበሉ ትበላለች። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ቅርፊቱ ለኮሚቴው ይቀርባል፣ ሊቀመንበሩ አፉን ሲያስጠጋ አዶት ክኒኗን ትውጣለች። አንዳንድ ቀን ሊቀመንበሩ ይዘገያል። እኛ ሦስታችን ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቀዋለን። የእድር ሰው ስለሆነ በሰዓቱ አይደርስም።

በሁለት ሳምንቱ ዶክተሩ ራጁን አይቶ "ጀምሯል" አለ። አዲስ አበባ ቀረ። ረመዳን ወጣ፣ ለኢድ እትዬ ዘምዘም ቤት በላን። ሁዳዴም ሊያልቅ ሲል ጀሶው ተፈታ፤ እጇ ከስቶ፣ ነጥቶ ወጣ፤ ጣቶቿ ግን ታዘዙ። የፋሲካ ጧት አስቴር የተቀቀለ እንቁላል አቀረበችላት። ልላጥልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረገችኝ። በዚያ በቀኝ እጇ፣ ቀስ እያለች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ እንቁላሉን ራሷ ላጠችው። እንቁላሉን እሷ በላች፤ ቅርፊቱን ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጠችለት። ከዚያ "ነገ እሄዳለሁ" አለች። ይህን ቃል ስንት ማለዳ ሰምቼዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሄደች። ሁለቱ ችግኞች እኔ ዘንድ ቀሩ፤ ለእነሱ ስል ከሲሚንቶው ጥግ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ኮሚቴውንም መኪና ላይ ልታሳፍር አልፈለገችም፤ "መንገዱ ያንገላታቸዋል፤ ለመስቀል ስትመጡ ይዛችኋቸው ትመጣላችሁ" አለች። ትክክል ናት። ጉራጌ የሆነ ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል።

አሁን ጾሙ አልፏል፤ እንቁላል በየቤቱ ይሰበራል፤ ቅርፊት ግን ዛሬም እለምናለሁ። የእትዬ ዘምዘም ልጆች እንቁላል ያልበሉ ቀን ሌላ በር አንኳኳለሁ፤ አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ይዘጋብኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ምሽት ላይ ስልክ እደውላለሁ። አዶት ስለ እኔ ጤና አትጠይቅም፣ ስለ አስቴርም አትጠይቅም። እኔ እቀድማታለሁ፦

"አዶት፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?"

"ሊቀመንበሩ ቅርፊቱን በላ ወይ?"

"በልቷል።"

"በእናትህ?"

"በእናቴ።"

ከእንግዲህ በዚህ ነገር እንደማልዋሽ ታውቃለች። ስልኩ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ፣ ከዚያም ጉሮሮዋ ሲውጥ እሰማለሁ።